የሐረሪ ርዕሰ መስተዳድር፦ የምርጫ ቃልና የሥልጣን ወሰን

የሐረሪ ክልል ርዕሰ መስተዳድር (ብዙ ሰው ዛሬም «ፕሬዚዳንቱ» ይለዋል) በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ አይመረጥም። መራጩ የሚመርጠው 36 መቀመጫ ያለውን ምክር ቤት ነው፤ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። ርዕሰ መስተዳድሩን በዕጩነት የሚያቀርበው ብሔራዊ ጉባኤው ነው። ስለዚህ በቅስቀሳ «እኔ ስመረጥ» የሚል ሰው ቃሉ ገና ከመነሻው በሌሎች እጅ ነው።

ለ14ቱ ወንበሮች ድምፅ የሚሰጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ያሉትም ጭምር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 183,415 ከነበረው የክልሉ ነዋሪ ሐረሪው ከአሥር አንድ አይሞላም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከክልሉ ውጭ ያሉት የመምረጣቸው ጉዳይ ከምርጫ ቦርድ ጋር አከራክሮ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ተፈቅዶላቸው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መረጡ።

ሐረር ላይ ቃል ለመግባት ከውኃ የሚቀል፣ ለመፈጸምም ከውኃ የሚከብድ ያለ አይመስለኝም። ከተማዋ ትጠጣው የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ፣ ድሬዳዋ አቅራቢያ ካሉት የድሬ ጀራ ጉድጓዶች ውኃ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣል። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድራ ቧንቧ የምትጠብቅ እናት የምትቀዳው፣ ርዕሰ መስተዳድሩ ከማያዝበት መሬት የወጣ ውኃ ነው። ክልሉን ከዳር እስከ ዳር የከበበው ኦሮሚያ ስለሆነ መስመሩ የጎረቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የፌዴራሉ ነው።

መሬትም እንዲሁ ነው፤ ክልሉ ያስተዳድራል፣ ሕጉን የሚያወጣው ግን ፌዴራሉ ነው፤ መሸጥ መለወጥማ በአንቀጽ 40 የተዘጋ ነው። ጉምሩክ የፌዴራል፣ ለክልሎች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈልበት ቀመር ደግሞ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለክልሉ የቀረው የግለሰብ ነጋዴ ግብር፣ የሠራተኞቹ የደመወዝ ግብር፣ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና መሰል ገቢ ነው። ጀጎል ውስጥ መንገድ አሰፋለሁ ያለ ደግሞ ከተማው ከነግንቡ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ረስቷል።

የድሬዳዋ ከንቲባ እጅ ከዚህም ያጥራል። ድሬዳዋ በአንቀጽ 47 ከተዘረዘሩት ክልሎች ውስጥ የለችም፤ የምትተዳደረው በአዋጅ 416/1996 ቻርተር ሲሆን ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። ቻርተሩን የሰጠው ፓርላማ በሌላ አዋጅ ሊለውጠው ይችላል።