«ቀለም አይታየኝም» ማለት ይበቃል?

«እኔ ጥቁር ነጭ ብዬ ሰው አልለይም፤ ለእኔ ሁሉም ሰው ነው።» አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ይህን ደጋግሞ ይሰማል። ብዙዎች ከልባቸው ነው የሚሉት። ግን አብረውት የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ።

«ቀለም ካላየን አድልዎ ይጠፋል»

ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ አስቡ። በኮቪድ ጊዜ ስንቱ ቤት ገብታለች። መሣሪያዋ ማንንም አትጠላም። ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፋ ትለካለች፣ በቃ። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታሳይ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ባወጡት ጥናት፣ የኦክስጅን እጥረት ሳይታይ የሚያልፈው በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ይህ የታወቀው የሕሙማኑ ዘር መዝገብ ላይ ስለነበረና ሐኪሞቹ ለይተው ስለቆጠሩ ነው። ደባልቀው ቢቆጥሩ አማካዩ ደህና ይመስላል፤ አየር ያጠረው ሰው «ደህና ነህ» ይባላል። ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዳኛም ሆነ ቀጣሪ በቀለም መፍረድ የለበትም፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ማን እንደተጎዳ ለማወቅ ግን ቀለምን ማየት ግድ ነው።

«ማርቲን ሉተር ኪንግም ያለው ይህንኑ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1963ቱ ንግግሩ ልጆቹ በቆዳ ቀለማቸው ሳይሆን በባሕርያቸው የሚመዘኑበትን ቀን ተመኝቷል። ቀኑ መጥቷል ግን አላለም። እዚያው ንግግር ላይ አሜሪካ ለጥቁሮች የገባችውን ቃል በቂ ስንቅ ከሌለው ቼክ ጋር አመሳስሎታል። የፖሊስን ጭካኔም በስሙ ጠርቶታል።

«እኛ ሐበሾች ነን፤ አይመለከተንም»

ይህን ቡና ላይ ስንቴ ሰምቻለሁ! መኪና የሚያስቆም ፖሊስ ከየት እንደመጣን ከሩቅ አያውቅም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሰሙ፣ በሺዎች ሆነው አደባባይ ወጥተዋል።

«ልጆች ካልነገሯቸው አያስተውሉም»

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ራሷን ስትስል ፈዛዛ ሮዝ ከለር አነሳች። «ይሄ የሰው ቀለም ነው» አለችን። ክራዮላ የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን ከለር «የገላ ቀለም» ማለት የተወው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እሷ ግን ማንም ሳይነግራት ያንኑ ይዛለች። እናቷ አልተቆጣችም። ቡናማውን አቀበለቻትና «ይሄስ?» አለቻት። ልጅቷ እጇን ወረቀቱ ላይ ዘርግታ፣ ከለሩን አጠገቡ አድርጋ ብዙ አየችው።