ስዩዶአኑሪዝም ምንድን ነው?

«የልብ ምርመራ በካቴተር (በደም ቅዳ በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ተደርጎልህ ብሽሽትህ ካበጠ አትጨነቅ። በልዞ ነው። በሙቅ ውሃ እሸው።» ይህን ምክር ደጋግሜ አይቼ ዝም ብያለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ ሰው «ስዩዶአኑሪዝም የሚሉት እኮ የረጋ ደም ነው» ብሎ ጨመረበት። ይህ ስህተት እግር ሊያሳጣ ይችላል።

በበለዘ ቦታ ያለው ደም አንዴ ፈስሶ የቀረ ነው። ቀዳዳው ተደፍኗል። ስለዚህ ሰውነት ቀስ እያለ ይመጠዋል። በስዩዶአኑሪዝም ግን የደም ቅዳው ቀዳዳ ክፍት ነው። ልብ ሲመታ ደም ይወጣል፣ ልብ ሲያርፍ ይመለሳል። የወጣውን ደም አቅፎ የያዘው የደም ቅዳው ግድግዳ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሥጋ ነው።

ግቢ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ተበሳ እንበል። ውሃ ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ ውሃ ሲጠፋ ይሟሽሻል። ላዩ ደረቅ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። አፈሩን ብትረግጠው ቧንቧው አይጠገንም፤ አፈሩ ይናዳል እንጂ። ማሸትም እንደዚያው ነው። ልብ ደግሞ እንደ ውሃው ፈረቃ የለውም።

ስለ ካቴተር ምርመራው «መርፌ ብቻ ነው» የሚባለውም ልክ አይደለም። በመርፌ ይጀመራል፤ ተከትሎ የሚገባው ቱቦ ግን 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ሐኪሙ የሚወጋበት ቦታም ወሳኝ ነው። በብሽሽት በኩል ደም ቅዳው ከጭን አጥንት ራስ ፊት ለፊት ያልፋል፤ እዚያ ላይ ከተወጋ አጥንቱ ላይ ሲጫኑት ደሙ ይቆማል። ዝቅ ካለ ከኋላው የሚደግፈው አጥንት የለም። ከፍ ካለ ደግሞ ደሙ ከሆድ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ያኔ እብጠት ሳይታይ ወገብ ያማል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በእጅ አንጓ በኩል ሲሠራ ይህ ችግር በጣም ይቀንሳል፤ ሁሉም ሕክምና ግን በዚያ በኩል አይሠራም።

እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ካለ፣ እየሰፋ ከሄደ ወይም እግር ከቀዘቀዘና ከደነዘዘ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዶፕለር አልትራሳውንድ ደሙ ሲወጣና ሲገባ ያሳያል። ትንሽ ከሆነ በክትትል ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ካልሆነ በአልትራሳውንድ እየታየ ይጫናል፣ ወይም ትሮምቢን የተባለ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ይወጋበታል። ከፈነዳ ወይም ከመረቀዘ ቀዶ ሕክምና ነው።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ስቴንት (የልብን ደም ቅዳ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) የገባላችሁ፣ እብጠቱን ፈርታችሁ ደም እንዳይረጋ የምትወስዷቸውን አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን በራሳችሁ አታቁሙ። ስቴንቱ በደም መርጋት ከተዘጋ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት ነው የሚያመጣው።