የማኅበረሰብ ውይይት ምንድን ነው?

የማኅበረሰብ ውይይት ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩና በአንድ ጉዳይ ላይ አሳባቸው የተለያየ ሰዎች በየጊዜው እየተገናኙ፣ አወያይ ባለበት ነገር ግን አስተማሪ በሌለበት፣ የኖሩበትን ልማድ ራሳቸው መርምረው ራሳቸው የሚወስኑበት የምክክር ሥርዓት ነው። ከተለመደው ስብሰባ የሚለየውም በዚሁ ነው። በስብሰባ ላይ ባለሙያው ይናገራል፣ ሕዝቡ አንገቱን ነቅንቆ «እሺ» ይላል፣ ቤቱ ሲገባ ግን የለመደውን ያደርጋል።

በአገራችን ዘዴው ጎልቶ የታየው የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር በደቡብ ኢትዮጵያ በከምባታ በመሠረቱት ኬኤምጂ በተባለው የሴቶች ድርጅት ሥራ ነው። ቦጋለች በራሳቸውም ላይ የተፈጸመውን የሴት ልጅ ግርዛት ለማስቀረት ቆርጠው ከውጭ አገር ወደ ትውልድ ቦታቸው ቢመለሱም፣ የአካባቢው ሰው በቅድሚያ ያነሣባቸው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ፈለጉ። ድልድዩም ተሠራ። ይህን እንደ ማባበያ የሚቆጥር ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን ውይይቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የራሱ ችግር ያልተሰማለት ሰው የሌላውን አሳብ የሚያደምጥበት ምክንያት የለውም።

በአንድ የውይይት ቡድን ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች፣ ሽማግሌውም፣ እናቱም፣ ወጣቱም፣ የሃይማኖት አባቱም፣ በወር ሁለት ጊዜ ያህል ይቀመጣሉ። የአወያዩ ሥራ መጠየቅና ዝም ማለት ነው፤ ከባዱም ዝም ማለቱ ነው፤ መልሱን ቸኩሎ ከተናገረ ተሳታፊው አሳቡን መመርመሩን ትቶ ልማዱን ወደ መከላከል ይዞራል። ተሳታፊዎቹ ሳይፈሩ ሲናገሩ ግን ከልማዱ ሥር ያለው ነገር ይወጣል። እናት ልጇን የምታስገርዘው ስለማትወዳት ሳይሆን ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም ብላ ስለምትሰጋ ነው። ስለ ደም መፍሰስና ስለ ምጥ መክበድ የሚሰጠው ትምህርት እውነት ቢሆንም ይህን ስጋት አይነካውም። እናቲቱ በልቧ ብታምንበት እንኳ ብቻዋን ከልማዱ መውጣት ይከብዳታል፤ ለአቅመ አዳም የደረሱ ወንዶች ልጆች ያሏቸው ጎረቤቶቿ አብረዋት ሲወስኑ ግን ስጋቱ መሠረቱን ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው አካባቢ የተደረገው ሠርግ ለዚህ ስጋት በአደባባይ የተሰጠ መልስ ነበር። ሙሽራዋ እንዳልተገረዘች፣ ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ ደስተኛ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ በደረታቸው ላይ ለጥፈው በሕዝብ ፊት ተጋቡ፤ ያልተገረዙ ልጃገረዶችም ሚዜ ሆነው አጀቧቸው። ከዚያ በኋላ እድሮችም ውሳኔውን እያጸኑት ሄዱ፤ ቀድሞ ከሞላ ጎደል በሁሉም ቤት ይፈጸም የነበረው ግርዛት ከመቶ 3 በታች መውረዱንም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የዩኒሴፍ ጥናት መዝግቧል።