በአንድ ሰርቨር ላይ የብዙ ደንበኞች ዳታቤዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ሶፍትዌር እየሠሩ ለነጋዴው የሚያቀርቡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ሰርቨር ነው። መርካቶ ያለ ቡና አቅራቢ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለ ፋርማሲ፣ አጂፕ አካባቢ ያለ ክሊኒክ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት፤ ሁሉም የየራሳቸው ዳታቤዝ አላቸው፣ ሁሉም ያሉት አንድ ማሽን ላይ ነው። አሠራሩ በራሱ ነውር የለበትም፣ በአግባቡ ከተያዘ ወጪም ድካምም ይቀንሳል። ግን ስለ እሱ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩ እምነቶች አሉ፣ አንዳንዶቹም የታካሚ መዝገብ ለማይገባው ሰው የሚከፍቱ ናቸው። እዚህ የማነሣው አብዛኞቻችን የምንጠቀምባቸውን ሁለት የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች፣ ፖስትግሬስኪውኤልን (በአጭሩ ፖስትግሬስ) እና ማይኤስኪውኤልን ይዤ ነው።

«ዳታቤዙ ከተለየ አንዱ ደንበኛ የሌላውን ማየት አይችልም»

ዳታቤዝ ስትፈጥሩ ስሙ እና ማኅደሩ ይለያል። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን ግን እናንተ ናችሁ የምትወስኑት።

ፖስትግሬስን እንውሰድ። አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር በሰርቨሩ ላይ አካውንት ያለው ሁሉ ወደዚያ ዳታቤዝ የመግባት ፈቃድ በነባሪው ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ የተሰጠው «ፐብሊክ» ለሚባለው፣ ማለትም ለሁሉም ነው። የፋርማሲው አካውንት የክሊኒኩ ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ የታካሚዎቹን ሠንጠረዥ ላያነብ ይችላል፣ የሠንጠረዦቹን ስምና ቅርፅ ግን ያያል። ጊዜያዊ ሠንጠረዥ እየፈጠረ ዲስክ መሙላትም ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ስሪት 15 በፊት ደግሞ በዳታቤዙ ውስጥ «ፐብሊክ» በተባለው ስኪማ (ሠንጠረዦች የሚመደቡበት ክፍል) ውስጥ ማንም የራሱን ሠንጠረዥና ፈንክሽን መፍጠር ይችል ነበር። ስሪቱን ስላሳደጋችሁ ይህ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ድሮ የተፈጠሩ ዳታቤዞች የድሮ ፈቃዳቸውን ይዘው ነው የሚሻገሩት። ስለዚህ እያንዳንዱን ዳታቤዝ እንደፈጠራችሁ የመግባት ፈቃዱን ከፐብሊክ «ሪቮክ» በሚባለው ትእዛዝ ንጠቁ፣ ከዚያ ለባለቤቱ አካውንት ብቻ ስጡ።

ማይኤስኪውኤል በዚህ በኩል ይሻላል፣ ያልተፈቀደለት አካውንት ምንም አያይም። የእሱ ወጥመድ ሌላ ቦታ ነው። በዳታቤዝ ደረጃ ፈቃድ ስትሰጡ በስሙ ውስጥ ያለችው የግርጌ ሰረዝ «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ናት። «ቡና_1» ለተባለ ዳታቤዝ ፈቃድ ስትሰጡ «ቡና11» ለተባለውም ሰጣችሁ ማለት ነው። ሰረዟ ራሷ እንድትታይ ከፈለጋችሁ ከፊቷ ባክስላሽ (ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ) ይግባ፤ ወይም፣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፣ በስም ውስጥ ጭራሽ አትጠቀሙባት።

ከሁሉ የከፋው ግን አፕሊኬሽኖቹን በሙሉ በ«ሩት» ወይም በ«ፖስትግሬስ» አካውንት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት (ሱፐርዩዘር) ማገናኘት ነው። ያኔ ከላይ ያልኩት ሁሉ ዋጋ የለውም። የትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያለች አንዲት የኢንጀክሽን ክፍተት (አጥቂ በቅጽ በኩል የራሱን የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚያስገባበት) የክሊኒኩን መዝገብ ትከፍታለች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ አካውንት፣ የራሱ ፓስወርድ ይኑረው፤ በዚህ ላይ ድርድር ባይኖር ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖስትግሬስ ላይ ፈቃዱን ሁሉ ብትዘጉም በሰርቨሩ ላይ ያሉት የዳታቤዞችና የአካውንቶች ስም ለገባ ሁሉ ይታያል። ደንበኛችሁ ማን እንደሆነ መታወቁ የሚጎዳው ከሆነ ዳታቤዙን በድርጅቱ ስም አትሰይሙት።

«የአንዱ ሥራ ቢበዛ ሌላውን አይነካም»

ይነካል። ሜሞሪው፣ ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩ እና የኮኔክሽኑ (አፕሊኬሽን ከዳታቤዙ ጋር የሚከፍተው መስመር) ብዛት የጋራ ናቸው። የቡና ለቀማ ወቅት ሲገባ አቅራቢው የእሸትና የጀንፈል ርክክቡን ከማለዳ እስከ ማታ ይመዘግባል፣ ማታ ደግሞ ከባድ ሪፖርት ያወጣል። በነባሪው ፖስትግሬስ 100፣ ማይኤስኪውኤል 151 ኮኔክሽን ይቀበላሉ፤ የአቅራቢው አፕሊኬሽን ኮኔክሽን እየከፈተ የማይዘጋ ከሆነ ፋርማሲው መድኃኒት መሸጥ ያቅተዋል። ፋርማሲስቷ የምታየው «ሲስተም የለም» የሚለውን ብቻ ነው፣ ምክንያቱ ቡና መሆኑን በምን ታውቃለች?

ኮኔክሽኑ በቀላሉ ይገደባል፤ ሁለቱም ለእያንዳንዱ አካውንት ጣሪያ ማስቀመጥ ይፈቅዳሉ። ፖስትግሬስ ላይ የአንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) የጊዜ ገደብም በአካውንት ይቀመጣል። የኮኔክሽን ጣሪያው ግን እዚያ ሱፐርዩዘርን አይመለከትም፣ አፕሊኬሽን በሱፐርዩዘር እንዳይገናኝ የምለው ለዚህም ነው።

ዲስክ ግን ከባድ ነው። ሁለቱም ለአንድ ዳታቤዝ «ከዚህ በላይ አትያዝ» የሚል ኮታ የላቸውም። አንዱ ደንበኛ የተቃኙ ሰነዶችን ዳታቤዝ ውስጥ እየከተተ ዲስኩን ከሞላው የሁሉም መጻፍ ይቆማል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዳታቤዝ መጠን በየቀኑ የሚመዘግብ ትንሽ ስክሪፕት ይኑራችሁ፣ ዲስኩ ሳይሞላ በፊትም ማስጠንቀቂያ ይላክላችሁ።

«ባክአፕ ስላለ የፈለግነውን ደንበኛ ወደኋላ እንመልሳለን»

እንበል የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሴሚስተሩን ውጤት በስሕተት አጠፋች። «ወደ 3፡55 መልሱልን» ይሏችኋል። ፖስትግሬስ ወደ አንድ ደቂቃ መመለስ የሚችለው የለውጥ ሎጉን (እያንዳንዱ ለውጥ በተራ የሚጻፍበትን መዝገብ) እያነበበ ነው፣ ሎጉ ደግሞ ለሰርቨሩ በሙሉ አንድ ነው። ሰርቨሩን ወደ 3፡55 ከመለሳችሁት ከዚያ በኋላ ፋርማሲው የሸጠውና ክሊኒኩ የመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ ወደዚያ ደቂቃ መመለስ፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱን ዳታቤዝ ብቻ አውጥቶ ወደ ዋናው ማምጣት ነው። ለዚህ ትርፍ ማሽን ወይም ትርፍ ዲስክ ያስፈልጋል፣ ዋጋውንም ከወዲሁ ከደንበኛው ጋር መነጋገር ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ የእያንዳንዱን ዳታቤዝ ቅጂ በየሌሊቱ ለብቻ «ፒጂ ዳምፕ» ወይም «ማይኤስኪውኤል ዳምፕ» በሚባለው የቅጂ ማውጫ መሣሪያ አውጡ። የአንድ ዳታቤዝ ቅጂ ግን አካውንቶችንና ፓስወርዶችን አይዝም፤ እነሱ የሚቀመጡት በሰርቨር ደረጃ ስለሆነ ለብቻ መውጣት አለባቸው። ሰርቨሩ በተቃጠለ ቀን ዳታው ተመልሶ አንድም አፕሊኬሽን መግባት የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕን እንደ ባክአፕ አትቁጠሩት።

«ለእያንዳንዱ የራሱን ሰርቨር መስጠት ሁልጊዜ ይበልጣል»

ሁልጊዜ አይደለም። አንድ ሰው አሥር ሰርቨር ሲይዝ የደኅንነት ማሻሻያ ሳይጫንላቸው የሚከርሙ አይጠፉም፣ አንዱን በደንብ መጠበቅ ይቀላል። ደንበኛው የተለየ ስሪት የሚፈልግ ከሆነ፣ ራሱ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከጠየቀ፣ ወይም ሥራው ሌላውን የሚያፍን ከሆነ ግን ለዩት። እኔ ክሊኒክን ቀድሜ እለያለሁ።

«ደንበኛው ሲለቅ ዳታቤዙን ድሮፕ ማድረግ ይበቃል»

ድሮፕ ያደረጋችሁት (ከሰርቨሩ የሰረዛችሁት) ዳታ በየሌሊቱ ቅጂ ውስጥ፣ በሎጉ ማኅደርም ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል፣ በሌላ ድርጅት ስም መረጃ የሚይዝ ሰውም ግዴታ አለበት። ለብቻ የወጡትን ቅጂዎች ያንኑ ቀን ማጥፋት ይቻላል። የጋራው ሎግ ግን የሌሎችም ስለሆነ ከመሐሉ የአንዱን መዝዞ ማውጣት አይቻልም፣ ጊዜው ደርሶ በሙሉ እስኪሰረዝ ይጠበቃል። ያ ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ ደንበኛው ሊለቅ ሲል ሳይሆን ሲፈራረም ውሉ ላይ ይጻፍለት።