ጓሮና ጨዋታ፦ የቤት አትክልት ደስታ

ስለ ጓሮ አትክልት ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ኪሎና ወደ ብር ይዞራል። ጎመኑ ስንት ቀን አበላ? ከሽንኩርት ወጪ ስንት ተረፈ? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት መርሐ ግብር፣ የሌማት ትሩፋትም፣ ጓሮን በዋናነት የሚያየው ከምግብ አንጻር ነው። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ ጓሮ ሆድ መሙያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ማሽተቻ፣ ማጌጫና መጫወቻም ነው። ሰው ጓሮውን ለዓመታት ሳይታክተው የሚይዘው፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ ደስታ ምክንያት ነው።

በደጋ ቤቶች ደጃፍ ላይ የሚተከለውን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጠጅ ሳር፣ አሪቲ። አንዳቸውም ምሳ አይሆኑም። ጤና አዳም ቡና ስኒ ውስጥ ይነከራል። ኮሰረት ቅቤ ሲነጠር ይገባል። በሶብላ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ይሰናዳል። ከዚህ ሌላ ግን እዚያው ጓሮ ውስጥ የሚሰጡት ነገር አለ። የጓሮው ባለቤት ስታልፍ ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ ታሸታለች። እንግዳ ሲሸኝም ቀንጠስ አድርጋ ትሰጣለች። ጎረቤትም «እስቲ ከዚህ ቁረጭልኝ» ብላ ወስዳ ትተክላለች። አብዛኛው የጓሮ ተክል ከቤት ቤት የተዛመተው በዚህ መንገድ ነው፤ በገንዘብ አይደለም።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ጓሮ መልኩን ይቀይራል። በጌዴኦ እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ተደራርበው ቤቱን ይከብቡታል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ጓሮው ራሱ እርሻው ነው። ሰፊው የእንሰት ቅጠል ደግሞ ድንገት ዝናብ ለያዘው ልጅ ጃንጥላ ይሆናል።

ከጓሮ ተክሎች ሁሉ ለጌጥና ለደስታ ተብሎ የሚተከል ከተፈለገ እንሶስላን የሚያህል የለም። ጥላና እርጥበት ይወዳል። ነጭ ሆኖ መሃሉ ሐምራዊ የሆነ፣ ዓይን የሚስብ አበባ ያወጣል። የሚፈለገው ግን መሬት ውስጥ ያለው ወፍራም ሥሩ ነው። በዓል ወይም ሠርግ ሲቃረብ ሥሩ ይቆፈራል፣ ይታጠባል፣ ይወቀጣል። ሴቶችና ልጃገረዶች ማታ ተሰብስበው እጅና እግራቸው ላይ ያደርጉታል፤ ከዚያ ይታሰራል። ይህ እንሶስላ መሞቅ ነው። ጠዋት ሲፈታ ቆዳው ቀልቷል። የማን እጅ የበለጠ ቀለም እንደያዘ እየታየ ይሳቃል። እጇ የታሰረባት ደግሞ ምንም መሥራት ስለማትችል ሌሎች ያጎርሷታል። ዛሬ በከተማ ሂና ቦታውን እየወሰደበት ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሂና ከሱቅ ይገዛል እንጂ ከራስ ጓሮ አይቆፈርም። እንሶስላ ለመትከል ጥላ ያለው ጥግና ከሥሩ ቁራጭ ይበቃል።

የልጆች ጊዜ ክረምቱ ነው። በግንቦት የተዘራ በቆሎ ነሐሴና መስከረም ላይ እሸት ይሆናል። እስኪደርስ ግን ማን ይጠብቃል? ገና ያልበሰለው በቆሎ ጸጉር አለው፤ ስለዚህ አሻንጉሊት ይሆናል፣ ሹሩባም ይሠራለታል። አገዳው ይመጠጣል። የዱባ ቅጠል ዘንግ ውስጡ ክፍት ስለሆነ እንደ ጥሩምባ ይነፋል።

ዱባ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጨዋታ አለው። ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ ነው። ወንዴው ቀጥ ባለ ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ልጅ ይህን አንድ ጊዜ ካሳዩት በየጠዋቱ እየሮጠ ይፈልጋል። ንብ ከጠፋ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ ሴቴዋ ውስጥ መነካካት ይበቃል፤ አበባው ሳይጨማደድ በጠዋቱ መሆን አለበት። ዱባው የጡጫ ያህል ሲሆን ደግሞ ላዩን በጥፍር ወይም በሚስማር ጫፍ ፋቅ አድርጎ ስም መጻፍ ይቻላል። ቁስሉ ይደርቃል፣ ከዱባው ጋርም ያድጋል። ዱባው ሲቆረጥ የልጁ ስም በትልቁ ተጽፎበት ይገኛል። ቅልም እንዲሁ ነው፤ ገና ለጋ ሳለ ወገቡን በጨርቅ ቢያስሩት የታሰረበትን ቅርጽ ይዞ ያድጋል።

ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪክ ፍሮቤል ይህን ቀድሞ ተረድቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1837 በብላንከንቡርግ የከፈተው ተቋም ለዓለም መዋዕለ ሕፃናት መነሻ ሆኗል። እሱ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ እንዲሰጠው ይፈልግ ነበር፤ የጋራ መደብም ጎን ለጎን ነበረ። ሐሳቡ ዛሬም ይሠራል። ልጅ ጓሮ የሚጠላው «አትንካ! አትርገጥ!» ሲበዛበት ነው። የእኔ የሚለው አንድ ክንድ መሬት ካለው ግን ቢያበላሸውም የራሱ ነው፣ ነገም ሄዶ ያየዋል።

እዚያ ላይ ምን ይተከል? ልጅ ትዕግሥት ስለሌለው ቶሎ የሚበቅል ነገር። ፍጅል በጥቂት ቀናት ብቅ ይላል፣ በወር ገደማም ይበላል። ባቄላ በብርጭቆ ውስጥ በረጠበ ጥጥ ላይ ቢቀመጥ ሥሩ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ካሮት ለመብቀል ዘገምተኛ ነው፤ ግን መንቀሉ ራሱ ዕጣ ማውጣት ነው፣ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚወጣ አይታወቅም። ድንች በጆንያ አፈር ውስጥ ተተክሎ ከሦስት ወይም ከአራት ወር በኋላ ጆንያው ሲገለበጥ የቤቱ ሰው ሁሉ ለመልቀም ይሻማል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጓሮ የለም ተብሎ ይህ ሁሉ አይቀርም። የተቆረጠ ጀሪካን፣ የዘይት ጣሳ፣ የተሰነጠቀ ማሰሮ፣ አሮጌ ጎማ፣ ሁሉም ተክል ይይዛል። ቀለም ተቀብቶ ሲደረደር በረንዳው ይደምቃል። ዋናው ነገር ከታች ውሃ ማውጫ ቀዳዳ እንዲኖረው ነው፤ አለበለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር ከተበሳሳ ለልጅ የሚመች ውሃ ማጠጫ ይሆናል። ልጁ ግማሹን ውሃ ራሱ ላይ ያፈሳል፤ ፀሐይ ካለ ምንም አይደል። ቦታ ካለ ደግሞ እሬት ይተከል። አበባው ሲወጣ ረጅም ቀጭን ምንቃር ያላቸው ትናንሽ ወፎች ማሩን ሊመጥጡ ሊመጡ ይችላሉ።

ልጅ በሚጫወትበት ጓሮ ግን ሁለት ተክሎች መኖር የለባቸውም። አንዱ ጉሎ ነው፤ ፍሬው መልኩ ያምራል፣ ቢታኘክ ግን ሊገድል ይችላል። ሌላው አስተናግር ነው፤ በየቆሻሻው ጥግ ራሱ ይበቅላል፣ ሁለመናው መርዝ ነው። ጤና አዳምም ቢሆን ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲመታው ሊያቃጥልና ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። ብዙ ከቆረጡ በኋላ እጅ መታጠብ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ጓሮውን ድስት በሚያህል ማሰሮ ይዘውታል። ጤና አዳም የሜዲትራኒያን አካባቢ ተወላጅ ስለሆነ እስራኤል ውስጥ ደጅ ላይ በደንብ ይኖራል። ዋሽንግተን አካባቢ ላለ ሰው ግን ብርዱ ሲመጣ ማሰሮውን ወደ ቤት አስገብቶ ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት አጠገብ ማድረጉ ይሻላል። በሶብላ ውርጭ ጨርሶ አይችልም። ዘሩ በመከር ተለቅሞ ይቀመጥና ብርዱ ሲያልፍ እንደ አዲስ ይዘራል።