ሁለት መክሊት የተቀበለው ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር (በጎ አገልጋይ) ይባላል፤ ስያሜውም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25፣ ጌታው ለሦስት አገልጋዮቹ መክሊት የሚባል ገንዘብ አደራ ከሰጠበት ምሳሌ የመጣ ነው። ስብከቱ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ተቀብሎ አምስት ባተረፈው ጎበዝና አንዱን መሬት ቆፍሮ በቀበረው ሰነፍ ላይ ያርፋል። መካከል ላይ ያለው ባለ ሁለቱ ይታለፋል። አብዛኞቻችን ግን እሱን ነን። መምህርም ባሕታዊም ባለጸጋም አይደለንም፤ ገብስ እናርሳለን፣ ሱቅ እንጠብቃለን፣ ልጅ እናሳድጋለን።

እስቲ ቁጥር 21ንና ቁጥር 23ን ጎን ለጎን አንብቧቸው። ለባለ አምስቱ የተነገረው ምስጋና ለባለ ሁለቱም ቃል በቃል ተደግሟል። «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለው ለባለ አምስቱም ነው፤ በጌታው ዘንድ የሱም ብዛት ጥቂት ነበር።

ሁለት መክሊት ራሱ ቀላል ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ በዚያው ወንጌል በምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር ነበር። በዓላቱን ቀንሰን በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንቆጥር አንዱ መክሊት የ20 ዓመት፣ ሁለቱ የ40 ዓመት ድካም ዋጋ ናቸው። «እኔ ምን አለኝ?» የሚል ምእመን አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የሚያገኘውን በእጁ ይዞ ነው እንዲህ የሚለው።

በሰሜን ሸዋ ለምንኖር ፈተናው ትንሽ ይለያል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት ቡልጋ፣ ኢቲሳ ነው። በእግር ተጉዘን ገዳማትን እንሳለማለን፣ ገድል ሲነበብ እንሰማለን፤ ከዚያ ራሳችንን ከጻድቃኑ ጋር እንለካና ወይ ተስፋ እንቆርጣለን፣ ወይ በአንድ ሌሊት እነሱን ለመሆን እንነሣለን። ሁለተኛው ይብሳል። ሱባዔ ገብቶ የተመለሰ ሰው በስሜት ተነሥቶ በቀን ይህን ያህል መቶ እሰግዳለሁ ብሎ ይሳላል፤ ብዙ ሳይቆይ ጉልበቱ ያምፀዋል፣ ስእለቱ ይጎድላል፣ ከዚያ በኀፍረት የዘወትር ጸሎቱንም አብሮ ይተዋል። መድኃኒቱ ከመጀመር በፊት ለንስሓ አባት መንገር ነው። የዘወትር ጸሎትና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ለሠራተኛ ሰው የሚከብድ ልክ አይደለም፤ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለውም በየቀኑ የድርሻውን እንድናደርስ ነው። እሱ ሳይቋረጥ ከከረመ በኋላ ስግደት መጨመሩን አባ ይወስኑ።

በቅዳሴም ቢሆን የተራው ምእመን ቦታ የታወቀ ነው። ለመቀደስ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት፣ በድምሩ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ በመጽሐፈ ቅዳሴው ግን «ይበል ካህን» እና «ይበል ዲያቆን» ካለበት አጠገብ «ይበል ሕዝብ» የሚልም አለ። ይህ ድርሻ የኛ ነው። ከኋላ ቆመን፣ ጋቢያችንን እስከ አፍንጫችን ተከናንበን ዝም ስንል ተሰጥኦው፣ ማለትም ሕዝቡ ለካህኑ የሚመልሰው ቃል፣ በጥቂት ሰንበት ተማሪዎች ላይ ይወድቃል። ያልለመደ ሰው በሦስቱ ይጀምር፦ ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲሉ «ምስለ መንፈስከ»፤ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲሉ «ርቱዕ ይደሉ»፤ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲሉ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ»። ተከታትለው ስለሚመጡ አብረው ይጠናሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው አገልጋይ እንመለስ። «ፈራሁ» ነው ያለው። ጌታውም መልሶ ቢያንስ ገንዘቤን ለለዋጮች አደራ ልትሰጥ ይገባህ ነበር አለው። ይህን ቃል ቸኩለን እናልፈዋለን። ብቻውን ለመነገድ ድፍረት ላጣ ሰው እንኳ መንገድ ነበረው፤ ከሚሠሩት ጋር ማኖር። በኛ አገር ይህን የሚመስል ነገር ቢፈለግ ማኅበርና ሰንበቴ ነው። መስበክ የማይችል፣ ማስታረቅ የማይችል ሰው ተራው ሲደርስ ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፤ ከቅዳሴ በኋላ ነዳያንና መንገደኛ ከዚያ ይቀምሳሉ።

ማኅበርን የሚያፈርሰው ግን ፉክክር ነው። አንዱ በግ ያርዳል፣ ቀጣዩ እንዳያንስ ሁለት ያርዳል፤ ከዚያ አቅም ያነሰው ተራው ሲቃረብ ሰበብ እየፈለገ ይቀራል። ሁሉም «ከማኅበሩ ራቀ» ይለዋል እንጂ ማን እንዳራቀው አይጠይቅም። ስለዚህ ልኩ አስቀድሞ ይወሰን፤ ለምሳሌ አንድ ድፎ ዳቦ፣ አንድ እንስራ ጠላ፣ ንፍሮ። ከዚህ በላይ ያለው ትርፉን ለነዳያን ይስጥ እንጂ በጽዋው ዕለት አያቅርብ። ሙሴው (የማኅበሩ መሪ) ወይም ከአባላቱ አንዱ ከተራው ሁለት ሳምንት በፊት ተረኛውን ለብቻው ይጠይቀው፤ ከጎደለው ሌሎቹ በጓዳ በር ያስገቡለት። ጽዋውን ግን ያው ተረኛው ራሱ ያስረክብ፤ ካህኑም ሲመርቁ ስሙን ይጥሩ።