ኦስፒ ምንድን ነው? የፒሲ ዋን ተማሪ ደወሉ ሳይደወል ሊያውቀው የሚገባ ፈተና

ፒሲ ዋን (የመጀመሪያው የቅድመ ክሊኒክ ዓመት) የገባ የሕክምና ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኦስፒ የሚባል ቃል ይሰማል። የሚሰማው ከሲኒየሮቹ ነው። «ፊዚዮሎጂው አይደለም የሚከብደው፣ ኦስፒው ነው» ይሉታል። ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚነግረው ግን ብዙም የለም። አብዛኛው ተማሪ የሚገባው የፈተናው ቀን፣ ደወሉ ሲደወል ነው። እኔ ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነትን አሠራር፣ አስተምራለሁ፤ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ኦስፒ ቀድሞ ለገባው ተማሪ ካሉን ፈተናዎች ሁሉ ፍትሐዊው ነው ብዬ አምናለሁና።

ቃሉ የአራት እንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በአማርኛ ስናፍታታው፣ ሚዛኑ ከፈታኝ ፈታኝ የማይለያይ፣ አስቀድሞ የተደራጀ የተግባር ፈተና እንደማለት ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ጠረጴዛዎች ዙሪያውን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ስቴሽን ይባላል። አንድ ስቴሽን ላይ አንድ ሥራ ብቻ አለ፤ ሰዓቱም የተወሰነ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ደወል ሲደወል ሁሉም ተነስቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም ተማሪ ሁሉንም ስቴሽን አዳርሷል። ለሁሉም ያው ሥራ፣ ያው ሰዓት፣ ያው የማረሚያ ወረቀት።

ሐሳቡ የመጣው ከስኮትላንዷ ዳንዲ ከተማ ነው። ሮናልድ ሃርደን የሚባሉ የሕክምና መምህርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ኦስኪን ለዓለም አስተዋወቁ። ኦስኪ በሽተኛ ፊት የሚሰጠው የክሊኒክ ፈተና ነው፤ ተማሪው በኋላ ክሊኒካል ዓመታት ላይ ያገኘዋል። ሃርደን እ.ኤ.አ. በ1980 ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ያንኑ ሐሳብ ወደ ላብራቶሪ አመጡት፤ ኦስፒ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በኒው ዴልሂ የመላው ህንድ የሕክምና ሳይንስ ኢንስቲትዩት መምህራን ለቅድመ ክሊኒክ ትምህርቶች የላብራቶሪ ፈተና እንዴት እንደሚሠራ ጽፈው አሳተሙ። ፊዚዮሎጂ የምናስተምር ሰዎች የእነሱ ውለታ አለብን።

ከዚያ በፊት የነበረውን ያላየ ሰው ይህ ሁሉ ደወልና ጠረጴዛ ለምን እንዳስፈለገ ላይገባው ይችላል። እኔ ተማሪ ሳለሁ የተግባር ፈተና በዕጣ ነበር። የተጠቀለለ ወረቀት ታነሳለህ፤ የወጣልህን ትሠራለህ። ለእኔ የደም ዓይነት መለየት ወጣልኝ። ሦስት ጠብታ ደም፣ ሦስት ጠርሙስ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጓደኛዬ ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር) በሳህሊ ዘዴ መለካት ደረሰው። 0.02 ሚሊ ሊትር ደም በቀጭኗ ቱቦ በአፍ ስቦ፣ አሲድ ውስጥ ጨምሮ፣ እስኪጠቁር ጠብቆ፣ ከዚያ ውሃ በጠብታ በጠብታ እየጨመረ ቀለሙን በዓይኑ ከመስታወቱ ጋር ማመሳሰል ነበረበት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈታኙ ሲሠራ አላዩትም። መጨረሻ ላይ መጥተው ቁጥሩን ብቻ አይተው፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቀው ሄዱ። እሱ ከእኔ የተሻለ ፊዚዮሎጂ ያውቅ ነበር። ውጤታችን ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ኦስፒ ያንን ዕጣ ነው ያስቀረው።

ስቴሽኖቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሥራ ስቴሽን ነው። እዚያ ፈታኝ ቼክሊስት ይዞ ይቀመጣል። አይናገርም፣ አይረዳም፣ ፊቱንም አያኮሳትርም፤ እያየ ምልክት ያደርጋል። ሁለተኛው የጥያቄ ስቴሽን ነው። እዚያ ፈታኝ የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል፤ የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የተቀዳበት) ወረቀት፣ የትንፋሽ መለኪያ ግራፍ ወይም የደም ዓይነት የተሠራበት ስላይድ። ተማሪው አይቶ መልሱን ይጽፋል። ለምሳሌ ኢሲጂው ላይ በሁለት ረጃጅም ሞገዶች መካከል አራት ትልልቅ ካሬ አለ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው። በደቂቃ 300 ትልቅ ካሬ ያልፋል ማለት ነውና 300ን ለ4 ማካፈል ነው፤ የልብ ምቱ በደቂቃ 75 ይሆናል። ስላይዱ ላይ ደግሞ ደሙ ከመፈተኛ ፈሳሾቹ በአንቲ ኤ እና በአንቲ ዲ ረግቶ በአንቲ ቢ ካልረጋ ደሙ ኤ ፖዘቲቭ ነው። ይህን የማይመልስ ጥቂት ነው። «በዚህ ሰው ፕላዝማ ውስጥ የትኛውን አንቲቦዲ ትጠብቃለህ?» ሲባል ነው ብዙው ብዕሩን አፉ ውስጥ የሚከተው። መልሱ አንቲ ቢ ነው።

የሥራ ስቴሽኑን ግን ጠጋ ብለን እንየው። የደም ግፊት መለካትን እንውሰድ። ማንም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስላል፤ ፋርማሲ በር ላይም ይለካል። እኛ ቼክሊስት ላይ ያለው ግን እንዲህ ይሄዳል። ተማሪው ሰላም ይላል፣ ስሙን ይናገራል፣ የሚያደርገውን አስረድቶ ፈቃድ ይጠይቃል። የሚለካው ሰው ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ መቀመጡን ያያል። ክንዱን በልብ ትክክል ያሳርፋል። ካፉን፣ ማለትም በአየር የሚነፋውን የክንድ መጠቅለያ፣ ከክርን እጥፋት ከፍ አድርጎ ያስራል። መጀመሪያ ስቴቶስኮፕ ሳይነካ፣ የእጅ አንጓ ላይ ያለውን ትርታ በጣቱ ይዞ ካፉን ይነፋል፤ ትርታው የጠፋበትን ቁጥር ያስታውሳል። ያስተነፍሳል። ከዚያ ነው ስቴቶስኮፑን ክርኑ እጥፋት ላይ አድርጎ፣ ካስታወሰው ቁጥር 30 ያህል ከፍ አድርጎ ነፍቶ፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ቀስ እያለ የሚለቀው። የመጀመሪያው «ዱብ» የላይኛው ግፊት፣ ድምፁ ጭራሽ የጠፋበት የታችኛው። እነዚህን ድምፆች እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጸው ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ነው፤ ስሙ እስካሁን ይጠራባቸዋል።

እያንዳንዷ መስመር ፊዚዮሎጂ አላት። ክንዱ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ንባቡ ወደ 8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይጨምራል፤ የደሙ ዓምድ ክብደት ነው። በጣት መጀመር ያስፈለገው አንዳንድ ሰው ላይ ድምፁ መሃል ላይ ጠፍቶ ተመልሶ ስለሚመጣ ነው። ዝም ያለበት ቦታ ላይ የጀመረ ሰው የላይኛውን ግፊት አሳንሶ ያነባል። ድምፁ ራሱ የሚመጣው ደሙ በጠበበው የደም ስር እየተናወጠ ሲያልፍ ነው። የደም ስሩ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ፍሰቱ ይረጋጋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ተማሪው ይህን ሌክቸር ላይ ሰምቷል። ስቴሽኑ ላይ ግን በገዛ ጆሮው ይሰማዋል።

አንድ ጊዜ በጽሑፍ ፈተና ከክፍሉ ከፍተኛውን ያመጣ ልጅ እዚህ ስቴሽን ላይ ገባ። ቀለሜ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ስለ ደም ግፊት ብትጠይቀው ግማሽ ሰዓት ያወራልሃል። ስቴቶስኮፑ ሁለት ገጽ ነበረው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንዱ ብቻ ነው፤ ወደየትኛው እንደዞረ በጣት መታ መታ አድርጎ አልሞከረውም። ምንም አልሰማም። ነፋ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ነፋ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ደወሉ ሊደወል ሲል 120 በ80 ብሎ ጻፈ። የሚለካው ልጅ ቀድመን የለካነው ነው፤ 104 በ66 ነበር።

120 በ80 ከመጽሐፍ የመጣ ቁጥር ነው። ከሰውየው ክንድ አልመጣም። የጽሑፍ ፈተና ይህን በፍጹም ሊያሳየን አይችልም። በቃል ፈተናም (ኦራል) ላይ ቢሆን ልጁ በአንደበቱ ያልፋል። ማታ ሳስበው ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ይህ ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ቆሞ ምንም ባይሰማ ምን ሊጽፍ ነበር? በማግስቱ ጠራሁት። አልተቆጣሁትም። ስቴቶስኮፑን ሰጠሁትና «ምታው እስቲ» አልኩት። መታው፣ ዝም። ጭንቅላቱን አዞረው፣ መታው። «መምህር፣ ይሄ ብቻ ነው?» አለኝ። ይሄ ብቻ ነበር።

ጆርጅ ሚለር የሚባሉ አሜሪካዊ የሕክምና ትምህርት ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 የሐኪም ችሎታን በፒራሚድ ሥለውታል። ከታች ማወቅ፣ ከዚያ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ፣ ከዚያ ሠርቶ ማሳየት፣ ጫፉ ላይ በእውነተኛው ሥራ ላይ ማድረግ። የምርጫ ጥያቄ የታችኞቹን ሁለት ይነካል። ኦስፒ ሦስተኛው ላይ ነው። ጫፉ ላይ አይደርስም፤ ደወልና ቼክሊስት ባለበት ሰው ሁሉ ጨዋ ነው።

ጉድለቱንም ልናገር። ቼክሊስት ሊሸመደድ ይችላል። ተማሪዎች ከሲኒየር የተላለፈ ቼክሊስት ይዘው እንደ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙት አይቻለሁ። «ሰላም፣ ስሜ እገሌ እባላለሁ፣ ፈቃድዎን…» ይላል፤ ዓይኑ ግን ሰውየውን አያይም። በዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑ ነው። ሥራውን ብቻ ከለካን ሥራውን ብቻ ይሸመድዳሉ። መፍትሔው ከሥራ ስቴሽኑ ቀጥሎ የጥያቄ ስቴሽን ማስቀመጥ ነው፤ ጥያቄው አሁን እጁ ከሠራው ነገር ይውጣ። «የለካኸው ሰው በድንገት ተነስቶ ቢቆም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ግፊቱ ምን ይሆናል? የልብ ምቱስ? ለምን?» ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ አንገት ላይ ያሉት ተቀባዮች መወጠራቸው ይቀንሳል፤ ቫገስ ነርቭ ልብን መያዙን ላላ ያደርጋል፤ ምቱ ይፈጥናል። እጁ የሠራውን አእምሮው ካልተከተለው እዚህ ላይ ይታወቃል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ያለበት ኦስፒ አልሰጥም።

ሌላው ጉድለት ድካሙ ነው። 12 ስቴሽን በ4 ደቂቃ አንድ ዙር 48 ደቂቃ ይወስዳል። 48 ተማሪ ካለ አራት ዙር ነው፤ መሸጋገሪያውን ሳንቆጥር ከሦስት ሰዓት በላይ። አምስቱ የሥራ ስቴሽን ከሆኑ አምስት ፈታኝ ያስፈልጋል፤ ሁሉም አስቀድመው ቁጭ ብለው «ይህ መስመር ምን ሲደረግ ነው ምልክት የሚሰጠው?» በሚለው መስማማት አለባቸው። የጨረሱት ካልጀመሩት ጋር እንዳይገናኙ ሌላ ክፍል ይዘጋጃል። ተማሪው በበዛበት፣ የላብራቶሪ ዕቃው ባነሰበት ትምህርት ቤት ይህ ቀላል አይደለም። ስቴሽን ቀንሶ መገላገል ያምራል፤ ግን አራት ስቴሽን ብቻ ካለ ያው ዕጣው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። አንዱን ጎበዝ የሠራ ሌላውን ጎበዝ ይሠራል ማለት አይደለምና፣ ውጤቱ የሚታመነው ስቴሽኑ ሲበዛ ነው።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ የጥናት መንገድ አለ። ዶርም ውስጥ ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ይለካ፣ አንዱ ክንዱን ይስጥ፣ አንዱ ቼክሊስቱን ይዞ ዝም ብሎ ያርም። ሰዓት ያዙ። አራት ደቂቃ ሲሞላ የያዘው ያነብላችሁ፤ ምን ዘለልክ፣ ምን ደገምክ። ከዚያ ተለዋወጡ። ሦስታችሁም በሦስቱም ወንበር ተቀመጡ፤ በተለይ ክንድ በሚሰጠው ወንበር ላይ። ካፉ ከልክ በላይ ተነፍቶ፣ ለኪው «ቆይ አልሰማሁም» እያለ ደግሞ ሲነፋ ጣት እንዴት እንደሚደነዝዝ የሚታወቀው እዚያ ነው።